ፍሟ የት ሄደች?

ለጥምቀት ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት የሄድኩት ለበዓሉ ብቻ አልነበረም፤ ካሜራዬንም ይዤ ነበር። ጥር ላይ የዚያ አገር ሰማይ የታጠበ ብርጭቆ ይመስላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ኦሪዮን አናት ላይ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ከተማዋ ራሷ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ የወረደ ብርሃን አይተው እንደቆረቆሯት ይነገራል፤ ብርሃኑ በፈረንጆች 1456 የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነች የሚሉም አሉ። ይህን ታሪክ ስለምወደው እዚያ ግቢ ውስጥ ካሜራ መትከል ልዩ ደስታ ይሰጠኛል።

ውርጩ ግን አይጣል ነው። አክስቴ እቴቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«ምኑን ነው የምታነሣው፣ ልጄ?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ቀና ብለው ዝም አሉና፣ «ይቺ ፍም ናት፤ ያቺኛዋ ደግሞ ውርጭ» አሉኝ።

ፍም ያሏት ቤቴልጉዝን፣ ውርጭ ያሏት ራይጅልን ነው። ቀለማቸውን በትክክል ነው ያዩት። ሙቀቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀይዋ ገጿ ወደ 3,500 ኬልቪን ሲሆን፣ ሰማያዊ ነጯ ወደ 12,000 ትደርሳለች። አንጥረኛ ይህን ያውቃል፤ ብረት መጀመሪያ ይቀላል፣ ይበልጥ ሲግል ይነጣል።

የዚያን ሌሊት 100 ፎቶ አነሣሁ፤ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ። ከዋክብትን የሚከተለውን ሞተር ለማስተካከል የሰሜን ኮከብ ያስፈልጋል፤ እዚያ ግን ከአድማሱ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጋረደው። በስልክ ኮምፓስ ገምቼ ተወጣሁት። ይህን ያህል ፎቶ የሚነሣው ለመደረብ ነው። አንዱ ፎቶ ብቻውን ብናኝ የሞላበት ነው፤ ብናኙ በየፎቶው ቦታውን ይቀያይራል፣ ኮከቡ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። መቶው ተደርበው አማካያቸው ሲወሰድ ብናኙ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሲሪል በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ስደርባቸው የመጣልኝ ምስል ግን ጎመን ነበር፤ ሰማዩም ከዋክብቱም አረንጓዴ። የካሜራው ሴንሰር ላይ ለአንድ ቀይና ለአንድ ሰማያዊ ፒክስል ሁለት አረንጓዴ አለ፤ ብዙ ሰው ጥፋቱ ከዚህ የመጣ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ሴንሰሩ ከነማጣሪያው ለአረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ ንቁ መሆኑ ነው። ሌላ ጊዜ ካሜራው ራሱ አመጣጥኖ ይሰጠናል፤ ጥሬው ፋይል ላይ ግን ይህን ሥራ የሚሠራልን የለም።

እኔም ተቻኮልኩ። አረንጓዴ የሚያጠፋ መሣሪያ አለ፤ እሱን እስከ ጥግ ገፋሁት። ሰማዩ ወይን ጠጅ፣ ከሦስቱ የቀበቶ ከዋክብት በታች ያለችው ደመና ደግሞ የተቀቀለ ቀይ ሥር ሆነች። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም የዚያች ደመና እምብርት በእርግጥም አረንጓዴነት አለው። ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን በ500.7 ናኖሜትር የሚሰጠው ብርሃን ነው። ጥፋቱን አጠፋለሁ ብዬ እውነተኛውንም አብሬ አጠፋሁት።

ያን ሰርዤ በእጄ ማመጣጠን ጀመርኩ። ቀዩን ቀነስ፣ ሰማያዊውን ጨመር ሳደርግ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሆነ። ስክሪኑ ላይ አማረ። በማግስቱ በትልቁ አሳተምኩት፤ ሲወጣ የታጠበ ጂንስ የመሰለ ሰማያዊ! ማተሚያ ቤት ያለውን ልጅ ቀለማችሁ ተበላሽቷል ብዬ ተቆጣሁት። ልጁ አንድም ክፉ ቃል አልመለሰልኝም።

እቴቴ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና አዲስ አበባ መጥተው ፎቶውን ሳሎኔ ውስጥ አዩት። ቀረብ ብለው ፈለጉ፣ ፈለጉና፦

«ፍሟ የት ሄደች?»

ቤቴልጉዝ ከራይጅል የማትለይ ነጭ ነጥብ ሆናለች። የዚያን ቀን ማታ ላፕቶፑን ከፍቼ ሳፈጥ ድንገት ስክሪኑ ቢጫ ቢጫ አለብኝ። ለካ ዓይን እንዳይደክም ማታ ማታ ሰማያዊውን ብርሃን የሚቀንሰው ማስተካከያ ክፍት ነበር! የስክሪኑን ቢጫ ላጠፋ ስታገል ነው ምስሉን ሰማያዊ የነከርኩት። ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ሲከፈት በር ላይ ደርሼ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ችግር የለም ጋሼ፤ ያጋጥማል» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ዳኛ አላደርገውም። መጀመሪያ፣ ምስሉ ብሩህነቱ ሳይለጠጥ፣ የከተማው መብራት ጥግ ላይ የለቀቀውን ብርቱካናማ ጥላ አነሣለሁ፤ እሱ ሳይነሣ ቀለም ማስተካከል ቆሻሻን አብሮ መቀባት ነው። ቀጥሎ ከዋክብቱን ራሳቸውን እጠይቃለሁ። በፈረንጆች 2013 የመጠቀችው ጋያ የተባለች የአውሮፓ መንኮራኩር ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን መዝግባለች፤ ቀለማቸውንም ለክታለች። ሶፍትዌሩ በፎቶዬ ውስጥ ያሉትን ከመዝገቡ ጋር እያስተያየ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው በስንት ይባዛ የሚለውን ያሰላል። ከልክ ያለፈው አረንጓዴ በዚሁ ጠፋ። ከፀሐያችን ጋር የሚመሳሰሉት ከዋክብት ነጡ፤ የደመናዋ እምብርትም አረንጓዴነቱ ተመለሰ።

የደመናዋ ዳር ግን ሐመር ሮዝ ሆኖ ቀረ። ሃይድሮጅን በ656.3 ናኖሜትር የሚሰጠውን ቀይ የካሜራው ማጣሪያ አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ ያልገባን ብርሃን ማመጣጠን አያመጣውም። መጽሔት ላይ እንዳለው ደም እንዲመስል ማቅላት ይቻል ነበር። አላደረግሁትም።

አዲሱን ህትመት ለፋሲካ ይዤላቸው ሄድኩ። ፍሟን ወዲያው አገኟት፤ ጣታቸውን አሳረፉባት። ከዚያ ወደ ሮዟ ነጥብ ወረዱና ምንነቷን ጠየቁኝ። ከዋክብት የሚወለዱባት ደመና እንደሆነች፣ ብርሃኗ ከ1,300 ዓመት በላይ እንደተጓዘ፣ ሲነሣ የአክሱም መንግሥት ገና እንደነበረ ነገርኳቸው።

«ያን ሁሉ ዘመን መጥታ» አሉ ጣታቸውን ሳያነሱ፣ «ቀለሟን አለቀቀችም?»