የዐሥራ ሦስተኛው ማኅበርተኛ ጥቅም

ጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ወይም ቅድስት ስም የቆመ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ኅብረት ነው። አባላቱ በወር አንድ ቀን በየተራ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጸሎት ይደርሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይጠጣል። ስሙን የቀኑ ቁጥር ይነግራል፤ 12 ሲባል ሚካኤል፣ 21 ሲባል ማርያም፣ 23 ሲባል ጊዮርጊስ፣ 27 ሲባል መድኃኔ ዓለም ነው። ከዘመዶቹ ጋር መምታታት የለበትም። ሰንበቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ቅጽር ግቢ የሚውል ነው፤ ዕድር ለቀብር፣ ዕቁብ ለገንዘብ ነው። በተለይ ከዕቁብ ጋር የሚያምታታው ሰው ኋላ ይጸጸታል፤ ዕቁብ ያስቀመጡትን ይመልሳል፣ ማኅበር የበሉትን ያስመልሳል።

በአዊ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ ማኅበር መግባት የፈለገ ሰው ራሱ አይጠይቅም፤ ያስጠይቃል። ነገሩ በአንድ ማኅበርተኛ ጎረቤት በኩል ለሙሴው ይደርሳል። ሙሴ የማኅበሩ አለቃ ነው። ሕዝቡን ከግብፅ እንዲያወጣ ባይጠበቅበትም፣ ከደጋሹ ቤት በጊዜ ማውጣት የእሱ ፈንታ ነው፤ የትኛው እንደሚከብድ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። ሙሴው ጉዳዩን በዕለቱ ያነሣል። እንግዳው ስንት ጸሎት በቃሉ እንደሚያውቅ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ከመካከል የተቀያየመው ሰው እንዳለ ነው፤ የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ አይቀምሱምና። ድንበር የተገፋፋው ጎረቤት እዚያው ማኅበር ውስጥ ከተገኘ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዕርቅ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቀን ፍርድ ቤት ዓመታት የፈጀ የአንድ ትልም ክርክር ለጠላው ሲባል ሊያልቅ ይችላል።

የአባላቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ልክ 12 ይሆናል። የአባቶች ሐሳብ መልካም ነው፤ ሒሳቡ ግን ጣጣ አለው። ዐሥራ ሁለት ሰው ለዐሥራ ሁለት ወር ሲካፈል ለእያንዳንዱ አንድ ወር ይደርሰዋል። ጳጉሜን ዐሥራ ሦስተኛ ወር ናት እንዳይባል፣ አምስት ስድስት ቀን ብቻ ያላት በመሆኗ 12ም 21ም የላትም። እናም ተራው በዕጣ ካልተቀያየረ፣ አንዴ ኅዳር የደረሰው ዕድሜ ልኩን ኅዳር፣ ነሐሴ የደረሰው ዕድሜ ልኩን ነሐሴ ይደግሳል ማለት ነው።

ወሮቹ ደግሞ እኩል አይደሉም። የሚካኤል ማኅበር ለምሳሌ ይወሰድ። ኅዳር 12 ዓመታዊ በዓል ነው፤ አዝመራው መሰብሰብ ጀምሯል፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የኅዳር ተረኛ የተከበረ ሰው ነው። መከበሩ ግን ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ሌላ ወር ብቻውን የሚመጣው ማኅበርተኛ ያን ቀን ባለቤቱን፣ ልጆቹን፣ አንዳንዴም የልጆቹን ጓደኞች አስከትሎ ይደርሳል። መጋቢት 12 ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ነሐሴ 12 ፍልሰታ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን የአዊ ደጋ ክረምት ነው። ዝናቡ አያባራም፣ ጭቃው ጫማ ይቀማል፣ ጎተራው ተሟጧል፣ እህል ከገበያ በውድ ይገዛል። ጾሙ ለተረኛው ምሕረት ይመስላል፣ ሥጋና ቅቤ ቀርቶለታልና። ጠላ ግን ጾም አያውቅም፤ ገብሱም ጌሾውም በነሐሴ ዋጋ ይገዛሉ። ለወጡ ባቄላና የባንጃ ወረዳ ድንች ይደርሳሉ።

የዐሥራ ሦስተኛው ሰው ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እሱ ሲገባ ተራው በየዙሩ አንድ ወር ይገፋል፤ ዘንድሮ በነሐሴ የደገሰ ቀጥሎ የሚደርሰው ከሚመጣው ዓመት አልፎ መስከረም ላይ ነው፤ ነሐሴን መልሶ የሚያያት ከ13 ዓመት በኋላ ይሆናል። 24 ሆኖ መስፋፋት መፍትሔ አይደለም፤ የነሐሴው ሰው በሁለት ዓመት አንዴ ይደግሳል እንጂ ወሩ ያው ነሐሴ ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሲመጣ ደስታው ከሁሉ በላይ ከአንድ ሰው ፊት ላይ ይነበባል። ያ ሰው ማን እንደሆነ አዲሱ የሚረዳው ዘግይቶ ነው።

በመዝገብ የሚጻፈው የባል ስም ቢሆንም ማኅበሩን የምትሸከመው ሚስት ናት። ብቅሉን የምታበቅለው፣ ጌሾውን የምትወቅጠው፣ ጥንስሱን የምትጥለው፣ ድፍድፉን የምትጠብቀው እሷ ናት። በእንጅባራ ብርድ ጥንስስ ቶሎ አይፈላም፤ ቀኑን አስልታ አስቀድማ ካልጀመረች ሚካኤል ሳይዘገይ ይደርሳል፣ ጠላው ይዘገያል። ድፎው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል። ባልየው የሚያበረክተው ጉልህ አስተዋፅኦ ከበር ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ» ማለት ነው፤ በዚህም ቢሆን አንዳንዱ ላብ ያልበዋል።

ዕለቱ በካህኑ ጸሎት ይከፈታል። በሚካኤል ማኅበር ድርሳነ ሚካኤል ይነበባል፤ መጽሐፉ ለየወሩ የሚሆን ንባብ ስላለው ለማኅበር የተሰፋ ልብስ ይመስላል። በአዊ ቤት ሦስት ቋንቋ ሥራ ተከፋፍሎ ይሰማል፦ ጸሎቱ በግእዝ፣ ትምህርቱ በአማርኛ፣ ከጠላው በኋላ ያለው ጨዋታ በአውንጂ። ከሌላ አገር መጥቶ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር ማኅበር ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይከተላል፤ በሦስተኛው ላይ ሳቁ ከሌሎቹ ሳቅ ዘግይቶ ይደርሳል፣ አንዳንዴም የተሳቀበት እሱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ጎረቤቱ በጆሮው እያንሾካሾከ ይተረጉምለታል፤ ትርጉሙ ሁልጊዜ ከዋናው ያጠረ ነው።

መጨረሻ ላይ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ እሱም ቆሞ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ «ለከርሞ ያድርሰን» ይባላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቅዱሱ በእሱ ቤት አለ ተብሎ ይታመናል፤ በዚያ ወር ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ መጣላት ነውር ነው። የቀረ ሰው ይቀጣል። የታመመ ይጠየቃል፣ የሞተበት ሐዘኑ ይደረስለታል፣ ልጅ የሚድር ይታገዛል። የቀረ ሰው ቅጣት ትንሽ ገንዘብ ወይም አንድ ገንቦ ጠላ ሊሆን ይችላል፤ ገንቦው ከተፈረደ በኋላ ፈራጆቹ እንደሚቀምሱት ስለሚታወቅ ይቅርታ በቀላሉ አይገኝም።

ማኅበር ሲበዛ ቤት አይበቃውም። በአዊ የዚህ ዳር ድንበር የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው፤ በ1932 ዓ.ም ተመሥርቶ ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 በጊዮርጊስ ዕለት በእንጅባራ በፈረስ ይሰበሰባሉ። ቀኑ ከዓድዋ ጋር ይዛመዳል፤ ጦርነቱም በጊዮርጊስ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ነበር። ያን ሁሉ ሰው ከነፈረሱ በሳሎን ማስተናገድ ስለማይቻል ሜዳ ላይ ይወጣሉ። አዲስ አበባ ያለው ማኅበር በተቃራኒው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይጨናነቃል። በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ሚካኤል ብዙ ጊዜ የሚዘከረው 12 በዋለበት ቀን ሳይሆን በአቅራቢያው ባለው ቅዳሜ ነው፤ አሠሪ ድርሳኑን አያውቅም።

መግባት እንዲህ በወግ ነው፤ መውጫው ግን በግልጽ አልተደነገገም። ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር የተዛወረ ሠራተኛ ከማኅበሩ እንደወጣ አይቆጠርም፤ የሚችለውን ይልካል፣ ተራው ሲደርስ መጥቶ በወንድሙ ቤት ይደግሳል። የሞተ ሰውም ቢሆን ቦታው ባዶ አይቀርም። ከልጆቹ አንዱ የአባቱን ጽዋ ይረከባል፤ ከጽዋው ጋር የአባቱን ተራ፣ ያልተከፈለ ቅጣት ካለም ቅጣቱን፣ እንዲሁም በየወሩ ድግስ መጨረሻ ላይ ከጠላው ቀድሞ የሚነሣውን ሙሴ ይረከባል።