ነፍስ ያወቀው የስድስት ዓመት ተከሳሽ

በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና አንድ አደገኛ ተከሳሽ ችሎት ቀረበ። ዕድሜው ስድስት ነው። ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ ወለል አልነካለትም፤ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ወንጀሉ ከባድ ነው፦ አውቶቡስ በሚጠብቅበት ቦታ ከሰው ግቢ የቱሊፕ አበባ ቀጥፏል። በሕግ ቋንቋ “በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ” ይባላል። ክርክሩን መከታተል ስላቃተው ጠበቃው ከለርና መሳያ ደብተር ሰጠችው። ተከሳሹም መከላከያውን ትቶ ሥዕሉን ማቅለም ያዘ።

ክሱ ውድቅ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ሕግ የጣሰ አንድም ሹም የለም፤ ሕፃን በስድስት ዓመቱ እንዲከሰስ የግዛቲቱ ሕግ ራሱ ይፈቅድ ነበርና።

ደግሞስ ሰሜን ካሮላይና ለምን ትታማ? እሷ ቢያንስ ቁጥር ቆርጣለች። ከ20 በላይ ግዛቶች ዝቅተኛ ዕድሜ የሚባል ነገር ጭራሽ አልጻፉም፤ እዚያ ጡት ያልጣለም በወረቀት ደረጃ ተጠርጣሪ መሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 በሰሜን ካሮላይና ከ6 እስከ 11 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ 7,300 ገደማ አቤቱታ ቀርቧል። ግማሽ የሚጠጋው በጥቁር ልጆች ላይ ነው፤ ጥቁሮች ግን ከግዛቲቱ ሕዝብ አንድ አምስተኛ ያህል ናቸው። ጥቁር ልጅ ቶሎ ነፍስ ያውቃል ማለት ነው።

ነፍስ ማወቅ በአሜሪካ እንደየጉዳዩ ነው። ለቢራ 21፣ ለሲጋራ 21፣ ለምርጫ 18። የቴክሳሱ የ17 ዓመት ልጅ ግን ካቴና ሲገባለት ባንዴ ጢም ያበቅላል፤ እንደ አዋቂ ይከሰሳል። ከጁሪዎቹ ጋር ልቀመጥ ቢል ግን አይፈቀድለትም፤ ዕድሜው አልደረሰማ!

ይህን ጥበብ ያስፋፋው አንድ ትንቢት ነው። በ1995 ፕሮፌሰር ጆን ዲዩሊዮ “ሱፐር ፕሬዴተር” የሚባል ርኅራኄ የለሽ የወጣት ትውልድ እየመጣ ነው አሉ። ምክር ቤቶችም ልጅን እንደ አዋቂ የሚያስከስሱ ሕጎችን ተሽቀዳድመው አጸደቁ። የተባለው ትውልድ አልመጣም፤ የወጣቶች ወንጀል እንዲያውም ቀነሰ። ፕሮፌሰሩ መሳሳታቸውን አመኑ። ሕጎቹ ግን እንደ ፕሮፌሰሩ በቀላሉ የሚያፍሩ አልነበሩም።

የማሻሻያ ተሟጋቾች ምክር ቤት ለምክር ቤት ተመላልሰው ጥቂት አስመልሰዋል። ሰሜን ካሮላይና በ2021 ዝቅተኛውን ዕድሜ ወደ 10 አሳደገች፤ በከባድ ወንጀል ለሚጠረጠሩ የ8 እና የ9 ዓመት ጎልማሶች ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ተወች። በ2024 ደግሞ አገረ ገዥው ሮይ ኩፐር እምቢ ቢሉም፣ ምክር ቤቱ እምቢታቸውን ሽሮ በከባድ ወንጀል የተከሰሱ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆችን በቀጥታ ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት መለሰ።

ሉዊዚያናም ወደኋላ አልቀረችም፤ ወይም በደንብ ቀርታለች። የ17 ዓመት ልጅን ከአዋቂ እስር ቤት ያወጣውን የራሷን ሕግ ሻረች፤ አዲሱ ሕግ ከኤፕሪል 19 ቀን 2024 ጀምሮ ጸና። ቀኑ ዓርብ ነበር። ያው ልጅ ሐሙስ ቢያጠፋ ልጅ ነው፤ ዓርብ ቢያጠፋ አዋቂ። ሌሊቱን ምን በልቶ እንዳደረ ሕጉ አይናገርም።