የቁርበቱ ነገር

በመናገሻ ሱባ ጫካ፣ ጽድና ወይራው በተጋጠመበት ጥግ፣ እንስሳቱ እድር ነበራቸው። በየወሩ እፍኝ እፍኝ እህል እያዋጡ ለታመመና ወላጅ ለሞተበት ይሰጣሉ። የእድሩ ንብረት አንድ ጎተራ፣ ሦስት ገንቦና ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት አንድ ሰፊ ቁርበት ነበር።

የኮሚቴው ዘመን አለቀና ምርጫ ደረሰ። አባ ጉሬዛ ነጭ ለምዱን እንደ ጋቢ አጣፍቶ ዝግባው ሥር ተቀመጠ።

"ለዳኝነት የቀረቡት አያ ጅቦ፣ ጦጢትና አያ ጃርት ናቸው። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፤ መጠየቅ የአባል መብት ነው። ብቻ አጠር አድርጉት።"

አያ ጅቦ ገና ሲደርስ "ቁርበቱን አንጥፉልኝ" ብሎ ተነጥፎለታል።

መጀመሪያ ድኩላ ተነሣች። "አያ ጅቦ፣ እንደው ለእኛ ለደካሞቹ ምን አስበውልናል?"

"ሌሊት ሌሊት ጎተራውንም ልጆቻችሁንም የምጠብቀው እኔው ራሴ ነኝ።"

ጭብጨባው ቅጠል አረገፈ።

ከርከሮ ደግሞ ጦጢትን ጠየቃት። "ጎተራው የጎደለ እንደሆነስ?"

"እኔ ካለሁ አይጎድልም፤ ቢጎድልም አይታወቅም!"

ሁሉም ሳቀ። መልሶ የጠየቃት አልነበረም።

አይጢት ከሥር ከሥር ተሽሎክሉካ መሃል ገባች። "እኔ ሦስታችሁንም አንድ ነገር ልጠይቅ። አምና ክረምት እናቴ ስትሞት ከጎተራው ስንት ወጣልን?"

"እኔ ያን ሌሊት እስኪነጋ አልቅሻለሁ" አለ ጅቦ።

"የሚበቃችሁን ያህል ወጥቷል" አለች ጦጢት።

አያ ጃርት ግን በእሾሁ ጫፍ የጫረበትን የጽድ ቅርፊት አውጥቶ ቆጠረ። "የታዘዘላችሁ ሁለት ቁና ነበር። የደረሳችሁ አንድ ተኩል ነው። አቁማዳዬ ቀዳዳ መሆኑን ሳላይ ተሸክሜው መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሦስት እፍኝ ከራሴ ተክቻለሁ፤ የቀረው ዕዳዬ ነው። ይኸው፣ እዚህ ጋ ተጭሯል።"

"ሌባ!" አለ ከርከሮ። "በገዛ አፉ አመነ!" ጫካው ተናወጠ። አይጢት "የነገረኝ እሱ ብቻ ነው እኮ!" ብትል ድምፅዋ ከሣሩ በላይ አልወጣም። እጅ ሲወጣ አያ ጅቦ ዳኛ ሆነ።

በሚቀጥለው ክረምት የድኩላ ግልገል ሌሊት ወጥታ ቀረች። እናት እያለቀሰች ወደ እድሩ መጣች። ጎተራው ባዶ ነው። ገንቦዎቹ ሁለት ቀርተዋል። የምትቀመጥበት ቁርበት ግን የለም፤ ዳር ዳሩ ብቻ፣ የጥርስ ምልክት እንዳለበት፣ ጭቃው ላይ ወድቋል። ስንት ወጣ፣ ለማን ወጣ ብትል የጻፈ የለም።

አያ ጃርት በአቁማዳው እህል ይዞላት መጣ። አቁማዳው ተጥፏል። አይጢት ደግሞ እርጥቡ መሬት ላይ ቅጠል አነጠፈችላት።

አባ ጉሬዛ ለምዱን ሰብስቦ፣ ከቁርበቱ የተረፈውን ቁራጭ እያገላበጠ እንዲህ አለ፦

"አባቶቻችን ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይሉ ነበር። ይኸኛው የትም አልሄደም፤ እያወቅነው ያነጠፍንለት እኛው ነን።"