ማሽን ድሮ ቀረ

እንዲያው የዘንድሮን ዕቃ ምን ነካው? አሜሪካኖች ሜይታግ የሚሉት የልብስ ማጠቢያ ነበራቸው። ከ1967 ጀምሮ (ዓመቱ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው) በቴሌቪዥን ማስታወቂያው አንድ የጥገና ሠራተኛ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያዛጋ ነበር፤ ማሽኑ አይበላሽማ፣ ማን ይጥራው! እዚህ መካነ ሰላም ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ቢገኝ መጀመሪያ የምመዘገበው እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ጠጋኝ ምሳ መብያ ፋታ የለውም፤ ያውም ትናንት የጠገነውን ነው ዛሬ የሚጠግነው።

አያ ፍሬድሪክ ሜይታግ ነገሩን የጀመረው ከአውድማ ነው። አድዋ ሦስት ዓመት ሲቀራት፣ በ1893፣ አዮዋ በሚባል የገበሬ አገር፣ ኒውተን ከተማ፣ ከሸሪኮቹ ጋር የመውቂያ ማሽን ዕቃ መሥራት ያዘ። ገበሬ ኪሱን የሚፈታው አዝመራ ሲገባ ነው፤ ይህን ለእኛ ለቦረና ሰው ማስረዳት አያሻም። በቀረው ወራት ፋብሪካው ሥራ እንዳይፈታ በ1907 የልብስ ማጠቢያ ጨመረበት። አንጀቴን የበላው ግን ኋላ ያደረገው ነው፤ መብራት ላልገባለት ገበሬ በቤንዚን ሞተር የሚዞር ማጠቢያ ሠራለት። የእኛን አገር ሳያይ!

ልጄ ያመጣችልኝ ማሽን እንደሆነ መብራት ሲኖር ውሃ የለም፤ ውሃ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ሁለቱ በተገናኙ ዕለት ባናዬን ቢያስገቡበት አቃስቶ ቀጥ አለ። ያንን ባና እኮ ወንዝ ወርደን በእንዶድ አረፋ ስንረግጠው ነው የኖርነው። ማሽኑ አሁን የሞሰብ ማስቀመጫ ሆኗል። ለእሱስ ደህና ነው፣ አይነቃነቅም።

ሜይታግን ያጠፋው ጥጋብ ነው። በ1989 ሁቨር የሚባለውን ኩባንያ ጠቀለሉ። በ1992 የሁቨር የእንግሊዝ አገር ሹሞች «የ100 ፓውንድ ዕቃ ለገዛ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት በነፃ» ብለው አወጁ፤ መጀመሪያ አውሮፓ፣ ቀጥሎ አሜሪካ ድረስ! ትኬቱ ከዕቃው ይበልጣል። ገበያችን ላይ ጎመን የምትሸጥ ሴት ይህን ሒሳብ ብትሰማ ትስቅባቸው ነበር። ሕዝቡ ለትኬቱ ሲል ገዛ፣ ትኬቱ ለብዙዎች ቀረ፣ ክሱ ጎረፈ፤ ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ውሃ በላው። አንዱ እንግሊዛዊ ማሽኑን ሊሠራለት የመጣውን ጠጋኝ መኪና፣ የራሱን የፈረስ መጫኛ ካሚዮን መውጫው ላይ ገትሮ አገተበት። ይህ ሰው እናቱ ከእኛው ከወግዲ ሳትሆን አትቀርም።

ኔፕቱን ብለው በ1997 ያወጡት ማሽን ደግሞ ሻጋታ ሸተተ ተብሎ ፍርድ ቤት አቆማቸው። በ2006 ተፎካካሪያቸው ዊርልፑል ገዛቸው፤ በዓመቱ የኒውተንን ፋብሪካ ዘጋው። 15 ሺህ ገደማ ነዋሪ ባላት ከተማ፣ ማሽኑን የሚሠሩት ራሳቸው ሥራ ፈቱ። ስሙን ግን አልጣሉትም፤ ዛሬም በዊርልፑል ዕቃ ላይ ተለጥፎ ይሸጣል።

ያን የቤንዚን ማጠቢያ ከአያቱ የወረሰ ሰው ካለ ብቅ ይበል፤ በዋጋ አልከራከርም። እሺ፣ ትንሽ እከራከራለሁ። ቤንዚኑስ ከየት ይመጣል የምትሉኝ እንደሆነ፣ እሱን ሌላ ቀን ለብቻው አማርራለሁ።