ጥፋቱ የመሪው ነው

ወዳጄ የጌም መሪ ከገዛ አራት ወር ሆነው። መሪው ከባሕር ማዶ የመጣው በአክስቱ ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ፎጣና በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። የእናቱን የምግብ ጠረጴዛ በሁለት ብሎን ነክሶ ሲይዘው እናቱ ዝም አሉ። ዝም ማለት ያቃታቸው መብራት ሄዶ የመጣ ዕለት ነው። መሪው ማንም ሳይነካው ወደ ቀኝ ተፈተለከ፣ ወደ ግራ ተፈተለከ፣ ከዚያ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በስመ አብ!»

«ካሊብሬሽን ነው እማዬ፤ ዳርና ዳሩን እየለካ ነው።»

«እሱን ለንስሐ አባታችን ንገራቸው።»

ይህ መሪውን የሚጎትተው መንፈስ ፎርስ ፊድባክ ይባላል። መኪና ስትነዱ ከጥምዝ ወጥታችሁ መሪውን ላላ ብታደርጉት ራሱ ወደ መሃል ይመለሳል፤ የሚመልሰው የፊት ጎማ ከአስፋልቱ ጋር የገጠመው ግብግብ ነው። ጎማው መንገዱን መልቀቅ ሲጀምር ደግሞ መሪው እጅ ላይ ይቀላል፤ ነጂው መንሸራተት መምጣቱን ከዚያ ያውቃል። ጌም ውስጥ ጎማም አስፋልትም ስለሌለ ኮምፒዩተሩ ጉልበቱን አስልቶ መሪው ውስጥ ያለችውን ሞተር «ይህን ያህል ጎትቺ» ይላታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 አታሪ ባወጣው «ሃርድ ድራይቪን» በተባለው ባለ ሳንቲም ጌም ላይም መሪው ከተጫዋቹ ጋር ይታገል ነበር።

የወዳጄ ግን ትግል አልነበረም፤ ሽሽት ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠርቶኝ ተቀመጥኩ። ገና ትንሽ ወደ ግራ ሳዞረው መሪው ከእጄ ተመንጭቆ እስከ ጥግ ሄደ። ወደ ቀኝ ስመልሰው ደግሞ እስከ ቀኝ ጥግ። አውራ ጣቴን ሊነቅለው ምንም አልቀረው።

«አየህ ሬስ ካር?» አለኝ በኩራት። «እውነቱ እንዲህ ነው። አንተ የለመድከው ኮሮላ ነዋ!»

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ እያለ ሰው ሲጋብዝ ከረመ። አንድ እሑድ የአሥራ ሁለት ዓመት የእህቱ ልጅ ሴቲንጉን ከፍቶ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት አደረገና ወደ ቲቪው ተመለሰ። አንዳንድ ጌም ላይ የጉልበቱ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ወደ መሃል መመለስ ያለበት መሪ ወደ ዳር ይሸሻል። ወዳጄ ሦስት ሳምንት ሲያደንቀው የከረመው «እውነት» ተገልብጦ የተሰካ ነገር ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሴቲንግ ውስጥ ገባ፤ አልወጣም። መጀመሪያ ያደረገው ጉልበቱን እስከ 100 መክፈት ነው፤ «እውነተኛ መኪና ከባድ ነው» ብሎ። የትኛው መኪና? አባቱ የነዱት ኤንትሬ ከሆነ እሺ። የዛሬ የቤት መኪና መሪ በአንድ ጣት ይዞራል። ደግሞስ ሎጂቴክ ጂ29ን የመሰሉ ባለ ጥርስ መሪዎች ጉልበታቸው ከ2 ኒውተን ሜትር ብዙም አያልፍም፤ አንድ ሜትር ዱላ ጫፍ ላይ 200 ግራም ቡና አንጠልጥሎ እንደመያዝ ነው። ከዚያ በላይ ስትጠይቋት ሞተሯ ጣሪያዋን ትነካለች፤ ትንሹም ትልቁም ጉልበት አንድ ይሆናል። ክሊፒንግ ይሉታል። የሙዚቃ ቤት ደጃፍ ላይ እስከ ጥግ የተከፈተ ስፒከር አስቡ፤ ዘፋኙ ቢጮኽም ቢያንሾካሹክም የሚሰማው ያው እርርር ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ማታ አገጬን እያሻሸሁ «ዴድዞኑን ቀንሰው» ብዬዋለሁ። ዴድዞን መሪው ቢነካም መኪናው የማይሰማበት የመሃል ቦታ መሆኑን ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ነው።

ወዳጄ ጌሙ ላይ የሚነዳው የሞንዛን የመኪና መወዳደሪያ ነው። ቀጥታው መንገድ አልቆ የመጀመሪያው ጥምዝ ሲመጣ ሌላው ሰው ፍሬን ይይዛል። እሱ ከመንገድ ይወጣል። ወዲያው ጌሙን አቁሞ ዳምፐር የሚባለውን ሴቲንግ ከ12 ወደ 9 ያወርዳል፤ እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ይወጣል። «አየህ? አሁን ለስለስ ብሎ ነው የወጣው።» ፍሬኑን ቀደም ብትል ብዬው ነበር። ያየኝ ዓይን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚደበድብ ሰው ዓይን ነው። የሞንዛ አንድ ዙር 5.793 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወዳጄ በአራት ወር ውስጥ አንዱንም አልጨረሰም።

ባለፈው ሳምንት በእሱ ቪትዝ ወደ አዳማ ወረድን። ፈጣን መንገዱ ላይ ገና 80 ስንደርስ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቁልፉ ተንሿሿ፣ የኋላ ማያ መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለው መስቀል እስክስታ መታ። እጁን ላላ ሲያደርገው መኪናው ወደ ቀኝ ይሄዳል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተወው፣ ለምጄዋለሁ። ዓመት አለፈው።»

ጎሚስታ ጋ ጎማው ማሽን ላይ ተሽከርክሮ ቸርኬው ላይ ጥቂት ግራም ብረት ቢለጠፍበት ንዝረቱ ባልኖረ። ሁለት ማኪያቶ እስክንጠጣ ያልቃል። እሱ ግን በሚንቀጠቀጠው መሪ ላይ አንድ እጁን ጥሎ፣ በሌላው ስልኩ ላይ ሊገዛው ያሰበውን ዳይሬክት ድራይቭ መሪ ያሳየኛል። መሪው በቀጥታ ሞተሩ ዘንግ ላይ ስለሚታሰር የመንገዱን ንዝረት አንድም ሳያስቀር እጅ ላይ ያደርሳል አለኝ።

አዳማ መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ወደ ቀኝ የምትል ነጭ ቪትዝ ካጋጠመቻችሁ እባካችሁ ራቅ በሉላት። ጥምዝ ከመጣ ደግሞ እናንተ ቀድማችሁ ፍሬን ያዙ፤ እሱ አይዝም።