እንስራ ውስጥ የገባ ዛፍ

አክስቴ ልጇን ልታርስ ወደ ዋሽንግተን ስትበር የቤቷን ቁልፍና የጎማ ዛፏን ለእኔ ትታ ሄደች። ቁልፉ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዛፉ ግን ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ የምኖረውም ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። «አደራ ጥብቅ ነው» ብላኝ ነበር። ሰማዩ ሩቅ መሆኑን የተረዳሁት ደረጃውን ስወጣ ነው።

ችግሩ ዛፉ አልነበረም፣ የተተከለበት ዕቃ እንጂ። ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ጠባብ የሸክላ እንስራ ነው፤ ታቹም አልተበሳም። ሟቹ ባሏ የገዛላት ስለሆነ ከሳሎኗ ዕቃ ሁሉ የምትሳሳለት እሱን ነው። መቼም በእኛ ዘንድ የአበባ ዕቃ የሚመረጠው ለእንግዳ ዓይን ነው፤ ሥሩ ምን ይሁን ብሎ የሚገዛ አላየሁም።

ማታ ማታ በቪዲዮ ትደውላለች። ሰላምታው ለእኔ፣ ካሜራው ለዛፉ። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ አየችና «ጠቦት ነው፤ ሰፋ ወዳለ ነገር አዛውርልኝ» አለች። ቀጥላም፦ «እንስራዬን ግን እንዳትሰብር!»

መጋቢት እስኪገባ አስታገስኳት። የጎማ ዛፍ የሰሜን ምሥራቅ ሕንድና የኢንዶኔዥያ ሞቃትና እርጥብ ደን ልጅ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሥሩ የተነካካ ዛፍ ቶሎ አያገግምም።

ቀኑ ሲደርስ የግቢያችንን ዘበኛ ጠርቼ እንስራውን ኮሪደሩ ላይ አጋደምነው። እሳቸው ግንዱን ያዙ፣ እኔ እንስራውን። ጎተትን። ንቅንቅ የለም። ሥሩ የእንስራውን ሆድ ዙሪያውን እየዞረ ሞልቶታል፤ በዚያ አንገት ሊወጣ አይችልም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ዘይት ቀቡት አለች። ሌላው መዶሻ አምጥቶ ፈቃድ ይጠብቃል። ዘበኛው «ልጄ፣ ወይ ሥሩን ነው ወይ ሸክላውን» ብለው ፍርዱን ሰጡ።

ያለው መንገድ አፈሩን በውሃ አጥቦ ማስወጣት ነበር፤ አፈሩ ሲወጣ ሥሩ ይላላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን ያጠራቀሙትን ሸክላ ውስጥ ማፍሰስ ልብ ይጠይቃል። አፈሰስን። ጭቃው በደረጃው ቁልቁል ወረደ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ ኖሯል። የዚያን ዕለት የሰማሁትን እርግማን እዚህ አልጽፈውም፤ ግን አንዱም ዛፉን የሚመለከት አልነበረም።

የቀረውን በረጅም ቢላዋ ጨረስነው፤ በአንገቱ በኩል ሰድጄ የተጠማዘዘውን ሥር ዙሪያውን ቆራረጥኩት። ጭካኔ ይመስላል እንጂ እየዞረ የታሰረ ሥር ካልተቆረጠ አዲሱ ዕቃ ውስጥም ያው መዞሩን ይቀጥላል። ዛፉ ድንገት ሲለቅ ዘበኛው እንደታቀፉት ወደ ኋላ ወደቁ። ሥሩ ሲያንስ የሚያጠጣውም ቅጠል ማነስ ስላለበት ጫፉን ቆረጥኩ። ነጭ ወተቱ ተንጠባጠበ። ይህ ወተት ቆዳ ያሳክካል፤ የብራዚሉ ጎማ ገበያውን ሳይወስድበት በፊት አሳም ውስጥ ጎማ ይሠራ የነበረው ከእሱ ነው።

አዲሱ ቤቱ የቀለም ባልዲ ሆነ፤ ታቹን በጋለ ሚስማር በሳሳሁት። ስፋቱ ከሥሩ ዙሪያ አራት አምስት ሳንቲም ያህል ብቻ ይተርፋል። ሥር ያልደረሰበት ብዙ አፈር ውሃ ይዞ ስለሚቀር ሥሩን ያበሰብሳል። መዶሻ ያመጣው ጎረቤቴ ታቹ ላይ ጠጠር ካልተነጠፈ ብሎ ሙግት ገጠመኝ። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ጠግቦ ሲፈስ ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ከማድረግ በቀር አይፈይድም። አላመነኝም። እኔም ቀይ አሽ ከአፈሩና ከተብላላ ፍግ ጋር ቀላቅዬ ሞላሁት።

ማታ አክስቴ ደወለች። መጀመሪያ እንስራዋን አስገልብጣ አስፈተሸችኝ። ባልዲውን ስታይ ግን «ዛፌን ለቀለም ቀቢ ሰጠኸው?» አለች። በቀጣዮቹ ሳምንታት ደግሞ ቅጠል ሲረግፍ ጠበል እርጭለት አለችኝ። ሥሩ የተነካ የጎማ ዛፍ ጥቂት ቅጠል መጣሉ የተለመደ ነው ብላት «አንተ ምን ታውቃለህ!»

የተቆረጠውን ጫፍ ዘበኛው ወስደውታል፤ ግንዱ መሬት ውስጥ ሥር ያወጣል። እንደሚሆንላቸው ነግሬያቸው ነበር። በሕንድ ሜጋላያ የካሲ ሕዝብ የዚህኑ ዛፍ ሥር ወንዝ ላይ እየዘረጋና እያሳደገ ሰው የሚሻገርበት ድልድይ እንደሚሠራም ጨምሬ አስጠነቀቅኳቸው፤ ከግንብና ከቧንቧ አርቀው ይትከሉት ብዬ። በጥሞና ሰሙኝ፣ ተገረሙ፣ የካሲዎችን ጥበብም አደነቁ። ከዚያ ሄደው ከውሃ ታንከሩ ሥር ተከሉት፤ «እዚያ ነው እርጥበት ያለው» ብለው።