በአቶ አይዲኢ ቀብር ላይ የተነበበ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የእድራችን አባላት፣ በአዳፕተርም ቢሆን ተያይዛችሁ የመጣችሁ የሟች ወዳጆች፤ ንፍሮው እስኪቀርብ የአቶ አይዲኢን የሕይወት ታሪክ ላንብብላችሁ።

ዲስክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙት ገመድ፣ አቶ ፓራለል ኤቲኤ፣ በሰፈር ስማቸው አይዲኢ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ከአባታቸው ከአቶ ኮምፓክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዌስተርን ዲጂታል ተወለዱ። አያታቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ የወጣው አይቢኤም ኤቲ ኮምፒውተር ነው። ይፋዊ የደረጃ ሰነዳቸው የጸደቀው በ1994 ስለሆነ ስምንት ዓመት ያለ መታወቂያ ሲሠሩ ማንም አልጠየቃቸውም።

ሟች ግራጫ፣ ጠፍጣፋና ሰፊ ነበሩ። የኮምፒውተሩ ሆድ ሲከፈት ከሁሉ በፊት የሚታዩት፣ የማራገቢያውን አየር ከልለው የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። በአንድ ጠርዛቸው የተሰመረው ቀይ መስመር አንደኛው ፒን በየት በኩል እንደሆነ ያሳያል፤ ገልብጦ የሚሰካቸው ግን አልጠፋም። ሁለት ዲስኮች በአንድ ገመድ ያሳድሩ ነበር። ማን ማስተር፣ ማን ስሌቭ እንደሆነ የሚወስነው በጥፍር እንኳ የማይያዝ ጃምፐር በመሆኑ ከቤታቸው ጠብ ጠፍቶ አያውቅም።

ወደ ደግነታቸው ልግባ። ሟች ፍጥነታቸውን የሚናገሩት በባይት ነበር። 33 ብለው ወደ 66፣ ከዚያ ወደ 100፣ በመጨረሻም ወደ 133 ሜጋባይት በሰከንድ ደረሱ። ፋይላችን በባይት ይለካል፣ ዲስካችን በባይት ይሸጣል፣ እሳቸውም በባይት ያወራሉ። አንድ ሲዲ ሙሉ 700 ሜጋባይት የያዘ ሰው 700ን ለ133 አካፍሎ “አምስት ሰከንድ ከምናምን” ይላል፤ አለቀ። በቀብር ላይ እውነት መናገር ነውር ካልሆነ፣ በአምስት ሰከንድ ሲያልቅ ያየ ሰው የለም። 133 የሚችሉት እሳቸው እንጂ ዲስኩ አልነበረም፤ የዘመኑ ዲስክ ግማሹን ከደረሰ ቀኑ ቀንቶታል። ሂሳቡ ግን ትክክል ነበር። ሟች ያልቻሉትን ችያለሁ አላሉም፤ ያሳፈሯቸው አብረዋቸው የሚውሉት ናቸው።

ሕመሙ የጀመራቸው በፍጥነት ምክንያት ነው። 16 ቢት በ16 ሽቦ ጎን ለጎን ይልኩ ነበር። ሩጫው ሲጨምር ሽቦዎቹ አንዱ የሌላውን ወሬ መስማት ጀመሩ፤ አብረው የተነሡት ቢቶችም እኩል አልደርስ አሉ። 66 ላይ ሐኪሞቹ 40 ተጨማሪ ሽቦ አስገቡላቸው። ሁሉም ከግራውንድ የተያያዙ ነበሩ፤ ሥራቸው በጎረቤታሞች መሐል ተቀምጦ ዝም ማለት ብቻ። (ለእድራችንም እንዲህ ያለ 40 ሰው ቢገኝ!) የአድራሻ ቁጥራቸው 28 ቢት ስለነበረ ከ137 ጊጋባይት ማዶ ያለው ዲስክ አልታይ ብሏቸውም ነበር፤ ይህኛው በ48 ቢት ዳነ። የፊተኛው ሕመም ግን መድኃኒት አልተገኘለትም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ልጃቸው ሳታ መጣ። ቀጭን ነው፤ ሰባት ሽቦ ብቻ አለው፤ ቢቶቹን ወረፋ አስይዞ አንድ በአንድ ይልካል። ካርቶኑ ላይ 1.5 ይላል። “ከ133 ወደ 1.5? ይኼ ልጅ ቤቱን ሊያፈርሰው ነው!” ማለት አያስወቅስም። 1.5ቱ ግን ጊጋቢት ነው። እሺ ብሎ 1,500 ሜጋቢትን ለ8 ያካፈለ ሰው 187.5 ያገኛል፤ እሱም ተሳስቷል። ትክክለኛው 150 ነው፤ ምክንያቱም ሳታ እያንዳንዱን ስምንት ቢት አሥር አድርጎ ይልካል። ተቀባዩ የሰዓቱን ምት የሚያገኘው ከዚያው ከሚመጣለት ሲግናል ነው፤ ዜሮ ብቻ ወይም አንድ ብቻ ከተደረደረ ምቱ ይጠፋበታል። ትርፎቹ ሁለት ቢቶች ያን መደዳ ለመሰባበር ናቸው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቁት የአይቢኤሞቹ ዊድመርና ፍራናሼክ ናቸው፤ ብልኃት መሆኑን አልክድም። ግን ከአሥር ሁለት? አሥራት እንኳ ከአሥር አንድ ነው! በዚህም ላይ ያ ሁሉ ድግስ ከ133 ወደ 150፣ ለ17 ሜጋባይት ነበር።

የሆነው ሆኖ ለአሥር ማካፈልን ለመድን። 3 ሲሉን 300፣ 6 ሲሉን 600። እጅግ ቀላል ነበር፤ ለዚህም ይሆናል ያልሰነበተው። ዩኤስቢን ተመልከቱ። 480 ሜጋቢት ሲል ለ8 ይካፈላል፤ 5 ጊጋቢት ሲል ለ10፤ 10 ጊጋቢት ሲል ደግሞ 128 ቢት ለማድረስ 132 ስለሚልክ ለስምንት ከሩብ። ለስምንት ከሩብ! ሱቅ ውስጥ ሻጭ ዓይን ዓይንህን እያየ እስቲ አካፍል። የልጅ ልጃቸው ኤንቪኤምኢ በአራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ አራት መስመር ላይ 64 ጊጋቢት ይሮጣል፤ ከ130 ቢት ሁለቱን ብቻ ስለሚያስቀር በሰከንድ ወደ 7,880 ሜጋባይት ይደርሳል። በሟች ሲሰላ 59 ኬብል መሆኑ ነው።

ቢቱ ከኮምፒውተሩም ወጥቶ ሰፈሩን ይዟል። የሞባይል ጥቅል 100 ሜጋ ስንገዛ ባይት ነው፤ የቤት ኢንተርኔት 10 ሜጋ ስናስገባ ቢት ነው፤ ማለትም በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት። “10 ሜጋ ከፍዬ አንድ ይገባልኛል” የሚል ጎረቤት ካላችሁ አልተዘረፈም፤ ሟች በሕይወት ቢኖሩ ይህንን ባስረዱት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 ኢንቴል በአዲሱ ቺፕሴት ውስጥ ቦታ ነፈጋቸው። የማዘርቦርድ ሠሪዎች በተጨማሪ ቺፕ ጥቂት ዓመታት ቢያቆዩአቸውም ከዚያ ወዲያ አልጠኑም።

የቀረው የውርስ ጉዳይ ነው። ሟች የሠርግ ፎቶዎች ያሉበት 80 ጊጋባይት ዲስክ ትተዋል፤ ወራሾች ዛሬውኑ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ይገልበጥልን ብለዋል። የተገኘው ማያያዣ 480 የተጻፈበት ዩኤስቢ ነው። ታላቁ ልጅ 80,000ን ለ480 አካፍሎ “ሦስት ደቂቃ አይሞላም” ብሏል። ቢቱን ወደ ባይት የመለሰችው ታናሽ እህቱ 22 ደቂቃ አገኘች። የዩኤስቢው የራሱ ወግና ሥርዓት የሚበላውን ስንጨምርበት ከ40 ደቂቃ አያንስም። ስለዚህ ጀበናው ይጣድ፤ እስከ በረካ ያደርሳል።